የመሬት መንቀጥቀጥና የማድቤታችን ሲሊንደር

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና የፈጅር አዛን ሳይሰማ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከ5.5 በላይ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በፎቅ ላይ የሚኖረውን ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። የካቲት 7 ቀን፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እንዲሁ በሌሊት ወደ 6 የሚጠጋ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። በነዚያ ወራት የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ሕዝብ በአሥር ሺዎች እየተቆጠረ ቀዬውን ለቆ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ተሰዷል። ቤቶች ፈርሰዋል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ በዶፋን ተራራ አጠገብም እንፋሎት ከምድር ውስጥ እየገፋ ሲወጣ ታይቷል። በነዚያ ሌሊቶች ሡረቱ አዝ-ዘልዘላህን ያላስታወሰ ሙስሊም አለ ለማለት ይቸግራል።

ውድ አንባቢያን! ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ሁላችንም የምንፈራው ግድግዳና ጣሪያ እንዳይወድቅብን ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቤቱ ሳይወድቅ፣ ሰዎቹም ከመንቀጥቀጡ ተርፈው፣ ከደቂቃዎች በኋላ ከማድቤት በተነሳ እሳት ያለቁ ብዙዎች መሆናቸውን ታሪክ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 በጃፓን የካንቶ ግዛት ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለቀትር ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። በቶኪዮና በዮኮሃማ በየቤቱ ለምሳ ምድጃ የተቀጣጠለበት ሰዓት ነው። ከ100,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹን የገደለው የፈረሰ ቤት ሳይሆን እሳት ነው። እዚያው ጃፓን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ማለዳ የኮቤ ከተማ ስትመታ ከ6,000 በላይ ሰው ሲሞት በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተቃጥለዋል። በኮቤ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ፤ ተቋርጦ የቆየው ኤሌክትሪክ ሲመለስ በፈረሱና ባዶ በቀሩ ቤቶች ውስጥ አዳዲስ እሳት ይነሳ ነበር።

ጃፓኖች ከዚህ ሁሉ ተምረው መሬት በኃይል ሲንቀጠቀጥ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ ቆጣሪ በየቤቱ ገጥመዋል። የእኛ ሲሊንደር ግን እንዲህ ያለ ዓይን የለውም። የሚዘጋው የሰው እጅ ብቻ ነው።

በአገራችንም ነገሩ ተለውጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟታል። በዚያ ዘመን በነዚህ ከተሞች የሚነደው እንጨትና ከሰል ነበር። ዛሬ ግን በአንድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ስንት ቤት አለ? በየቤቱስ ስንት ሲሊንደር አለ? አንዱ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ አልጋ አጠገብ። የአንዱ ጎረቤት ቸልተኝነት ከላይም ከታችም ላለው ይተርፋል።

ግመሉን ማሰር

ከታኅሣሡ መንቀጥቀጥ በኋላ ስለ ጥንቃቄ በክፍል ውስጥ ስንነጋገር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣው በአላህ ቀደር አይደለም እንዴ? ከመጣ ላይቀር ሲሊንደር ማሰሩ ምን ይጠቅማል ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የልጅ ብቻ አይደለም። ትልልቆችም በአፋቸው ባይሉት በሥራቸው ይሉታልና በቁም ነገር መመለስ አለበት።

ግመሉን ልልቀቀውና በአላህ ልመካ ወይስ ልሰረውና ልመካ ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ ከአላህ ውሳኔ ይሸሻሉን ቢባሉ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ ነው የምንሸሸው ማለታቸው የታወቀ ነው። እነዚህን ሁለቱን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ከርዕሳችን ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳው ሦስተኛው ነው።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ ይቃጠላል። ወሬው ለመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርሳቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን ተናግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ ደግሞ ከመኝታ በፊት መብራት እንዲጠፋ ሲያዙ ምክንያቱንም ነግረውናል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል ትችላለች። ልብ በሉ! ዱዓ አድርጋችሁ ተኙ ብቻ አላሉም። ዱዓውንም አስተማሩን፣ አይጧንም አሳዩን። በዚያ ዘመን ክሩን የምትጎትተው አይጥ ነበረች፤ ሲሊንደሩን የሚጥለውና ጎማውን የሚነቅለው መንቀጥቀጥ በእኛ ማድቤት ከአይጧ ቦታ ቆሟል። ትእዛዙ ግን ያው ነው፦ ከመኝታ በፊት።

ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ሄዶ የሲሊንደሩ መክፈቻ ወደየት ሲዞር እንደሚዘጋ እናቱን፣ አባቱን፣ እንዲሁም በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ እንዲጠይቅ። በማግሥቱ የመጣው መልስ አስገራሚ ነበር፤ ሲሊንደሩን ከሱቅ ተሸክሞ የሚያመጣው አባት በብዙ ቤት አዘጋጉን አያውቅም።

ይህ ጋዝ ምን ዓይነት ነገር ነው?

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በከፍተኛ ግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው። በተፈጥሮው ሽታ የለውም። እኛ የምናውቀው የሚከረፋ ሽታ መፍሰሱ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ብዙ ነገር ይገልጥልናል።

አንደኛ፣ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን የአየርን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቆሞ ያለ ሰው አፍንጫ ሳያውቀው መሬት ላይ የተቀመጠ ሕፃን በጋዝ ተከቦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ250 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በአየር ውስጥ መጠኑ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ለመፈንዳት አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ብልጭታዋ የግድ ክብሪት መሆን የለባትም። የመብራት ማብሪያ ሲጫን፣ ፍሪጅ በራሱ ሲነሳ፣ የበር ደወል ሲደወል ዓይናችን የማያየው ብልጭታ ይፈጠራል።

ሲሊንደር ሲወድቅ የሚያሳስበውም በዚሁ የተነሳ ነው። ቆሞ ሳለ ከአናቱ የሚወጣው ጋዝ ነው። ተጋድሞ ሲከፈት ግን ፈሳሹ ራሱ ወደ ጎማው ሊገባ ይችላል፤ የሚወጣው መጠንም ከተለመደው እጅግ ይበልጣል።

ከመተኛታችን በፊት

በአብዛኛው ቤት ወጥ ከበሰለ በኋላ የሚዘጋው የምድጃው ማዞሪያ ብቻ ነው። እሳቱ ስለጠፋ ጋዙም የተዘጋ ይመስለናል። ሲሊንደሩ ግን ክፍት ነው፤ ጋዙ ጎማውን ሞልቶ እስከ ምድጃው ደጃፍ ደርሶ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ሌሊት መሬት ቢንቀጠቀጥና ምድጃው ከጠረጴዛው ላይ ቢንሸራተት፣ ወይም ሲሊንደሩ ወድቆ ጎማው ቢነቀል፣ የሚፈሰው ሲሊንደሩ እስኪያልቅ ነው። ሲሊንደሩ ከራሱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ጎማው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ጋዝ ብቻ ወጥታ ነገሩ ባበቃ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የታኅሣሡም የየካቲቱም መንቀጥቀጥ የመጣው ሰው በተኛበት ሰዓት መሆኑን አንርሳ።

አዘጋጉም ቀላል ነው። መክፈቻው ክብ ማዞሪያ ከሆነ እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ወደ ቀኝ እስኪጠብቅ ማዞር ነው። በላዩ ላይ ተጭኖ የሚገጠም ሬጉሌተር ከሆነ ደግሞ በራሱ ላይ ያለውን ቁልፍ ወደ መዝጊያው መመለስ ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዘግቶ በጎማው የቀረው ጋዝ ነዶ እሳቱ ራሱ ሲጠፋ ምድጃውን መዝጋት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቁሞ፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መቀመጥ አለበት። በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ጠፍር ከግድግዳ ጋር፣ አንዱ ከወገቡ በላይ ሌላው ከወገቡ በታች ሆኖ ቢታሰር መንቀጥቀጥ በቀላሉ አይጥለውም። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ መብሳት አልተፈቀደልኝም የሚል ሰው ከመስኮቱ ብረት ጋር ሊያስረው ይችላል። ከበላዩ ባለው መደርደሪያ ላይ ሙቀጫ፣ ብረት ድስትና የዘይት ጀሪካን አይደርደር፤ የሚወድቁት በቀጥታ በሬጉሌተሩ አናት ላይ ነው። ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ሲታጠፍ ስንጥቅ የሚያሳይ፣ የደረቀ ወይም የተንጨባረረ ጎማ ውሎ ማደር የለበትም። ሁለቱም ጫፎቹ በብረት ማሰሪያ ይጥበቁ። አንዳንዱ ሰው ለጎማና ለማሰሪያ የሚወጣውን ገንዘብ ሲቆጥብ ሳይ ይገርመኛል፤ ለዒድ መጋረጃ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መፍሰሱን ለማወቅ የሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹ ላይ መቀባት ነው። አረፋው እያበጠ ከመጣ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ የሚባለውን ልማድ ያያችሁ ሁሉ ከልክሉ።

መሬት ሲንቀጠቀጥና ጋብ ሲል

መንቀጥቀጡ ሲጀምር በምድጃው አጠገብ ቆማችሁ ከሆነና እጃችሁ በቅጽበት የሚደርስ ከሆነ እሳቱን አጥፉ። ካልሆነ ግን ወደ ማድቤት አትሩጡ። የፈላ ዘይትና ድስት የሚደፋው በዚያች ቅጽበት ነው። በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጭንቅላትንና አንገትን መከላከል፣ እስኪያበቃም እዚያው መቆየት ይቀድማል። ብዙውን ጊዜ ጠንካራው ንዝረት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሰላት ላይ ያለም ሰው ነፍሱን ለማዳን ሰላቱን ማቋረጥ እንደሚፈቀድለት ዑለሞች ያስተምራሉ።

ጋብ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ሲሊንደሩን መዝጋት ነው። ሁለተኛው ማሽተትና ማዳመጥ ነው። የጋዝ ሽታ ወይም የመንፏጨት ድምፅ ካለ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት፣ መብራት አለማብራት፤ የበራም ካለ አለማጥፋት። ማብራትም ማጥፋትም ያው ብልጭታ ነው። ስልክም የሚደወለው ውጭ ተወጥቶ ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው። የጋዝ ሽታ ከሌለ ግን ቤቱን ለቆ የሚሄድ ሰው የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ አጥፍቶ ይሂድ፤ የኮቤን ነገር ያስታውሷል።

አፍንጫን ሙሉ በሙሉ ማመንም አይገባም። ጉንፋን የያዘውና ዕድሜው የገፋ ሰው ላያሸት ይችላል። ጋዝ ባለበት ቤት ብዙ የቆየም አፍንጫው ይለምደዋል። ስለዚህ ከውጭ የገባ ሰው «ይሸታል» ካለ ይታመን።

አሁን ወደ እኛ ልማድ ልምጣ። በአገራችን ድንጋጤ ሲደርስ ምን እናደርጋለን? ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሻማ ይበራል፣ ቡና ይቀርባል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል። መሰብሰቡም ዱዓውም መልካም ነው። ግን ነገሩን ከጋዙ ጠባይ ጋር አስተያዩት። ጀበናው የሚጣደው በከሰል ምድጃ ነው፤ ከሰል ምድጃው የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ የዕጣን ማጨሻውም እንዲሁ። ጋዙስ የሚተኛው የት ነው? እዚያው መሬት ላይ። ሲሊንደር ወድቆ ጋዝ በፈሰሰበት ቤት የከሰል ፍም ወለል ላይ ማስቀመጥ ክብሪት ከመጫር የከፋ ነው፤ ክብሪት ወዲያው ይጠፋል፣ ፍም ግን ሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ማድቤቱ ታይቶ፣ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ ሻማም ከሰልም ዕጣንም ይቆዩ። ቡናው በግቢ ወጥቶ፣ ከቤቱ ራቅ ተብሎ ቢፈላ ማንንም አይጎዳም። መብራት ከጠፋ ባትሪ ይበቃል፤ እሱም ሽታ ካለበት ቤት ውጭ በርቶ ይግባ።

የወደቀ ሲሊንደር ሽታ ከሌለውና በደህና የሚደረስበት ከሆነ ተዘግቶ ይቁም፤ ጎማውና ሬጉሌተሩ ሳይመረመሩ ግን አይለኮስ። ጎማው ላይ እሳት የተነሳ እንደሆነ መፍትሔው ጋዙን ከምንጩ መዝጋት ነው። እጅን በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ መክፈቻውን መዝጋት ከተቻለ እሳቱ ያልቅበታል። ጋዙ እየፈሰሰ ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት ግን የማይታይ ጋዝ ቤቱን እንዲሞላ ማድረግ ነው። መዝጋት ካልተቻለ ቤቱን ጥሎ መውጣት እንጂ መታገል አይገባም፤ ንብረት ይተካል።

ተከታይ መንቀጥቀጦች መምጣታቸው የተለመደ ነው። በ2017 ዓ.ም. እንዳየነው ለወራት ሊቀጥሉም ይችላሉ። ከእያንዳንዱ በኋላ ማድቤቱን እንደገና ማየት ይሰለቻል፤ ግን ትናንት የላላ ማሰሪያ ዛሬ የሚለቅ መሆኑ አይቀርም።

ማን ያውቃል?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትቀረው ልጅ ነገር ነው። ከገጠር በእንጨት ምድጃ አድጋ ትመጣለች፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃን ታቅፋ ከሲሊንደር ጋር ትተዋለች። እንዴት እንደሚለኮስ ታይቷል፤ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሲሸት ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገራትም። ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ የተነገረው ሐዲስ እሷንም ይጨምራል። አጠገቧ ቆሞ በእጇ አሥር ጊዜ እንድትዘጋና እንድትከፍት ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። «ሽታ ከመጣ ሁሉንም ነገር ትተሽ ሕፃኑን ይዘሽ ውጪ፤ ቤቱ ቢቃጠል አልቆጣሽም» የሚለውን ቃል ከአሠሪዋ አፍ መስማት አለባት። ካልሰማች ቁጣ ፈርታ እዚያው ትቀራለች።

ባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። በሎስ አንጀለስና በሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን ያሉት መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር ነው፤ ጋዙ የሚመጣላቸውም በብዙ ቤት ከመንገድ በተዘረጋ ቧንቧ ነው። የእነሱ ሥርዓት ከእኛ ይለያል። በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ በመፍቻ ሩብ ዙር ሲዞርና ቧንቧውን አግድም ሲያቋርጥ ተዘግቷል ማለት ነው። ይህ በየሌሊቱ የሚደረግ አይደለም፤ ሽታ፣ የመንፏጨት ድምፅ ወይም የተሰበረ ቧንቧ ሲኖር ብቻ ነው። አንዴ ከተዘጋ መልሶ የሚከፍተው የጋዝ ኩባንያው ባለሙያ ነውና በራስ እጅ መክፈት አይገባም። መፍቻው የት እንዳለ ከወዲሁ ይታወቅ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የረመዷን ነገር አለ። በሱሑር ሰዓት ሰው ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ማድቤት ይገባል፤ ሌሊት መንቀጥቀጥ ተሰምቶ ከነበረ ክብሪት ከመጫሩ፣ መብራትም ከማብራቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ያሽት። በመስጊድ ግቢ ለጀመዓ ኢፍጣር ሾርባ የሚፈላባቸው፣ ሳምቡሳ የሚጠበስባቸው ትልልቅ ምድጃዎች ደግሞ ብዙ ሲሊንደር በረጅም ጎማ አገናኝተው የሚነዱ ናቸው። ከዐስር እስከ መግሪብ በዙሪያቸው የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፤ ጎማው ይረገጣል፣ ሕፃናትም ይሯሯጣሉ። ሁሉም ሲያገለግል የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ይሆናል። ኮሚቴው ረመዷን ሳይገባ ከሲሊንደሮቹ ጎን የሚቆመውን ሰው በስም ይምረጥ። ሰዉ አፍጥሮ ለመግሪብ ሰላት ሲሰለፍ ሁሉም ሲሊንደር መዘጋቱን እሱ አይቶ ይግባ፤ አንድ ቀን የማይመጣ ከሆነም በእሱ ፈንታ የሚቆመው ማን እንደሆነ ለወጥ ሠሪዎቹ አስቀድሞ ይንገራቸው።